የጀርመን-ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ሲመዘን፦ ለሁለት ዲግሪ ከማመልከታችሁ በፊት የምትጠይቁት

የጀርመን-ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የለውም። በጀርመኗ ዛርብሩከን ከተማ ቪላ ኦይሮፓ በተባለ ሕንፃ ውስጥ ጽሕፈት ቤት አለው፤ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር መምህር ግን አይቀጥርም። ሥራው አንድ የጀርመንና አንድ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ተስማምተው ያዘጋጁትን የጋራ ትምህርት መመዘን፣ ያለፈውን በገንዘብ መደገፍና ጥራቱን በየጊዜው መፈተሽ ነው። ተማሪው ጊዜውን ለሁለቱ አገሮች አካፍሎ ሲጨርስ የሁለቱንም ዩኒቨርሲቲዎች ዲግሪ ይይዛል፤ ከዛርብሩከን የሚመጣለት ከዲግሪዎቹ ጋር የሚያያዝ ሰርተፊኬት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1997 በቫይማር የተፈረመው የሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ነው፤ ሥራ የጀመረው በ1999 ሲሆን ወጪውን መንግሥታቱ እኩል ይካፈሉታል። ዛሬ ከሕግ እስከ ምህንድስና ወደ 200 የሚጠጉ ፕሮግራሞችና 6 ሺህ ያህል ተማሪዎች አሉት።

ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። በአውሮፓ ሁለት ጎረቤት አገሮች በትምህርት ከሚተባበሩባቸው መንገዶች ሁሉ ለተማሪ የሚጠቅም ይህን የመሰለ አላውቅም። ጥቅሙ ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት የወር ድጎማው አይደለም። ትልቁ ነገር የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካና ውጤቱ እንዴት እንደሚቀየር ተማሪው ከመሄዱ በፊት በውል ማለቁ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም ሲመረጥ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን ውሉን ማየት ይገባል።

በተለመደው የልውውጥ ትምህርት ተማሪው ሄዶ ይማርና ሲመለስ የትምህርት ክፍሉን ደጅ ይጠናል። አንዱ ኮርስ "ከእኛ ጋር አይመሳሰልም" ይባላል፣ ሌላው ክሬዲቱ ይቀነሳል፤ በመጨረሻ አንድ ሴሚስተር ይባክናል። እዚህ ግን የጥናቱ ዕቅድ አንድ ነው። በሴሚስተር 30፣ በዓመት 60 የአውሮፓ ክሬዲት ተቆጥሮ ባችለሩ ብዙ ጊዜ 180፣ ማስተርሱ 120 ላይ ይዘጋል፤ ከሁለቱ አገሮች በየትኛውም የታለፈ ኮርስ ለሁለቱም ዲግሪ ይቆጠራል። ከጀርመንም ከፈረንሳይም የመጡት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው አብረው ይዘዋወራሉ። ለምሳሌ በዛርብሩከንና በፈረንሳይዋ ሜስ ከተማ መካከል በሚሰጠው ትምህርት፣ ዛርብሩከን ላይ ፈረንሳዊው በጀርመኑ ይደገፋል፣ ሜስ ላይ ደግሞ ጀርመኑ በፈረንሳዊው ይደገፋል። በዛርብሩከን የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና በዛሬው የሎሬን ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ይህ ትብብር ከ1978 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ከራሱ ከጀርመን-ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ በሃያ ዓመት ይቀድማል። ከተሞቹ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ስለሚራራቁ ቤት ፍለጋውም ቀለል ይላል።

አሁን ወደ ውሉ። መጀመሪያ የሚታየው የውጤት መቀየሪያ ሠንጠረዡ ነው፤ ብዙ ተማሪ ሳያየው የሚፈርመውም እሱን ነው። ፈረንሳይ ከ20 ታርማለች፣ ማለፊያው 10 ነው። ጀርመን ከ1.0 እስከ 5.0 ትሰጣለች፤ 1.0 ከሁሉ ይበልጣል፣ 4.0 የመጨረሻው ማለፊያ ነው። በጀርመን ቢሮዎች የተለመደው የባቫሪያ ቀመር እንዲህ ይሰላል፦ ከከፍተኛው ውጤት ያገኙትን መቀነስ፣ በከፍተኛውና በማለፊያው ልዩነት ማካፈል፣ በ3 ማባዛት፣ 1 መደመር። ፈረንሳይ ውስጥ 14 ያገኘ ተማሪን እንይ። 20 ሲቀነስ 14 ስድስት ነው፤ ለ10 ሲካፈል 0.6፣ በ3 ሲባዛ 1.8፣ አንድ ሲደመርበት 2.8። ፈረንሳይ ውስጥ 14 "ጥሩ" የሚል ማዕረግ የሚያሰጥ፣ ቤተሰብ የሚኮራበት ውጤት ነው። ጀርመን ውስጥ 2.8 "አጥጋቢ" ከሚባለው መደዳ ይወድቃል። በፈረንሳይ ከፍተኛው ማዕረግ የሚጀምርበት 16 እንኳ 2.2 ነው የሚሆነው። በተቃራኒው ጀርመን ላይ 1.3 ያመጣ ተማሪ በዚሁ ቀመር 19 ይታረምለታል፤ ይህን ደግሞ የፈረንሳይ ፕሮፌሰር እምብዛም አይሰጥም። ቀመሩ ስሌቱን አልሳተም፤ የሳተው የሁለቱን አገር መምህራን የአስተራረም ልማድ ነው። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ቀመሩን ትቶ በልማዱ ላይ የተመሠረተ የራሱን ሠንጠረዥ ያወጣል። ሠንጠረዡን ጠይቁና 14 ከየትኛው የጀርመን ውጤት ጎን እንደተቀመጠ ተመልከቱ። 2.8 ካላችሁ ያንን ፕሮግራም ሁለት ጊዜ አስቡበት፤ በኋላ ለማስተርስም ሆነ ለዶክትሬት ስታመለክቱ የሚታየው ያ ቁጥር ነውና።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ፈረንሳይ በመስከረም መጀመሪያ ትከፍታለች፣ ሁለተኛው ሴሚስተር በጥር ይጀምራል፣ በግንቦት ወይም በሰኔ ያልቃል (ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጀርመን ዩኒቨርሲቲ የክረምት ሴሚስተር ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው፣ ፈተናው እስከ መጋቢት ይሄዳል፤ የበጋው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ነው። በዓመቱ መካከል ከጀርመን ወደ ፈረንሳይ የሚያዘዋውር ዕቅድ እንግዲህ ችግር ያለበት ነው፦ ጀርመን ላይ ፈተናው ሳይጀመር ፈረንሳይ ላይ ትምህርቱ ይጀመራል። ዝውውሩ ከሐምሌ በኋላ ባለው ዕረፍት መሆን አለበት፤ እሱም ቢሆን ከጀርመን ለሚሄደው የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው፣ ከፈረንሳይ ለሚመጣው ግን ሰፊ ነው። የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌሎቹ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ቀደም ብለው ስለሚከፍቱ ከፈረንሳይ ጋር የተሻለ ይገጥማሉ።

ሦስተኛው፣ በጣም የሚጎዳው፣ የመውደቅ ሕጉ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ማካካሻ አለ፤ በአንዱ ኮርስ 8 ያገኘ በሌላው 13 ካመጣ አማካዩ አሻግሮት ሴሚስተሩን ያልፋል። ካልሆነም ብዙ ጊዜ ሁለተኛ የፈተና ዙር አለ። ጀርመን ውስጥ እያንዳንዱ ኮርስ ለብቻው መታለፍ አለበት፣ ሌላው አያካክስለትም። የፈተና ዕድሉም የተቆጠረ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው። የመጨረሻው ዕድል ካመለጠ ተማሪው ከትምህርቱ ይሰናበታል፣ በዚያው ዘርፍ ሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መቀጠልም ይዘጋበታል። ከፈረንሳይ የሚመጡ ጎበዝ ተማሪዎች የሚሰናከሉት በትምህርቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ "ይህን ብጥለው ሌላው ያነሣኛል" የሚል ልማድ ይዘው ስለሚመጡም ነው። ውሉ ፈረንሳይ ላይ በማካካሻ የታለፈ ኮርስ ጀርመን ላይ እንዴት እንደሚቆጠር በግልጽ መናገር አለበት። ዝም ካለ ለሁለቱም ወገን አስተባባሪዎች በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

ስለ ገንዘቡ። በባልደረባው አገር ለሚቆዩበት ጊዜ የሚሰጠው የወር ድጎማ ለዓመታት 270 ዩሮ ነበር፣ በኋላ ወደ 300 ዩሮና ከዚያ በላይ ከፍ ብሏል። የወላጅ ገቢ አይጠየቅበትም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ኪራይ አይሸፍንም። የሚከፈለው በመነሻው ዩኒቨርሲቲ በኩል ስለሆነም በገቡበት ወር እጃችሁ ይገባል ብላችሁ አታስቡ፤ የሁለት ወር ኪራይ አስቀምጦ መሄድ ይሻላል። ድጎማውን ለማግኘት በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከመመዝገብ ሌላ በጀርመን-ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲም በኢንተርኔት መመዝገብ ያስፈልጋል፤ ምዝገባውም በየዓመቱ ይታደሳል። የሚረሳው ይኸው ሦስተኛው ምዝገባ ነው።

የትምህርት ክፍያው ዘወትር በመነሻው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ሰው ታዲያ መነሻው የት ይሁን የሚለው ምርጫ ዋጋ አለው። በጀርመን አብዛኛው ክፍለ ግዛት ከዜጋም ከውጭ ዜጋም የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ባደን-ቩርተምበርግ ግን ከ2017 የክረምት ሴሚስተር ጀምሮ ከኅብረቱ ውጭ ከመጡ ተማሪዎች በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ካርልስሩኸና ፍራይቡርግ እዚያ ናቸው። ፈረንሳይም ከ2019 ወዲህ ለእነዚሁ ተማሪዎች ከፍ ያለ ክፍያ አውጥታለች፤ ሆኖም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ነፃ ያደርጋሉ። ከሁለቱ አስተባባሪዎች "እኔ በዚህ ፓስፖርት ብመዘገብ ስንት ነው?" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ነው።

የቤቱን ነገር ባጭሩ፦ ጀርመን ውስጥ ተከራይ ለመልቀቅ በሕግ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በሐምሌ መጨረሻ የሚለቅ በሚያዝያ ቢጽፍ ይሻላል። ፈረንሳይ ውስጥ ዕቃ ለተሟላለት ቤት አንድ ወር ይበቃል፣ ለተማሪ የተዘጋጀ የዘጠኝ ወር ውልም አለ። ዋስ ለሚጠይቅ የፈረንሳይ አከራይ ቪዛል የተባለው ነፃ ዋስትና ያገለግላል፤ ማመልከቻው ውል ከመፈረሙ በፊት መሆን አለበት።

ወደ መኖሪያ ፈቃዱ ስንመጣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙትን በቀጥታ ይነካል። አዲስ አበባ ላይ ከሊሴ ገብረማርያም ፈረንሳይኛ፣ ከጀርመን ኤምባሲ ትምህርት ቤት ጀርመንኛ ይዘው የሚወጡ ልጆች አሉ፤ ጀርመን ያደጉ የሐበሻ ልጆችም ብዙ ናቸው። አንዱን ቋንቋ የያዘ ሰው ሌላውን ብዙ ጊዜ ቢ2 ወደሚባለው ደረጃ ካደረሰ ለእነዚህ ፕሮግራሞች በቂ አመልካች ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት የአንዱ አባል አገር የተማሪ ፈቃድ ያለውና በዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት የሚንቀሳቀስ ሰው ወደ ሌላው አገር እስከ 360 ቀን ያለ አዲስ ቪዛ መሄድ ይችላል። ወደ ጀርመን ሲሆን ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ለፌዴራሉ የስደት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ወጥመዱ 360 ቀኑ ላይ ነው። ኮሎኝና ፓሪስ 1 ዩኒቨርሲቲዎች ከ1990 ጀምሮ የሚሰጡት የሕግ ትምህርት ሁለት ዓመት ኮሎኝ፣ ሁለት ዓመት ፓሪስ ነው። እንዲህ ላለው ማሳወቂያው አይበቃም፤ ሙሉ የተማሪ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ለእሱም ወራት መተው ነው። ወደ ጀርመን በቪዛ የሚገባ ከ2024 መጸው ጀምሮ ለዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሂሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ) ማሳየት ወይም በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ስለ ሕጉ ትምህርት አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁለቱ ዲግሪዎች የጀርመንን የመንግሥት ፈተና አይተኩም፤ ጀርመን ላይ ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ፈተናውን ለብቻው ይቀመጣል።

ዶክትሬቱን ለምርምር ሰዎች ለይቼ እመዝነዋለሁ። ኮቱቴል የሚባለው አሠራር አንድ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ከየአገሩ አንድ አንድ አማካሪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ መከላከያ ነው። የጀርመን-ፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲ ለጉዞና ለመቆያ ወጪ ይረዳል፤ ውሉን የሚጽፉትና የሚፈርሙት ግን የተማሪው ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ካልተፈረመ ብዙውን ጊዜ ይበላሻል። ጠቡ የሚነሣው በገምጋሚዎች ላይ ነው። በ2016 የወጣው የፈረንሳይ ደንብ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ የሆኑ ሁለት ገምጋሚዎች ከመከላከያው በፊት በጽሑፍ ሪፖርት እንዲሰጡ ያዛል፤ አማካሪው በፈታኞቹ ጉባኤ ላይ ቢቀመጥም በውሳኔው ላይ ድምፅ የለውም። ጀርመን ውስጥ ግን ጽሑፉን አንብቦ ማዕረግ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ራሱ አማካሪው ነው። ጀርመን ማዕረግ ትፈልጋለች፣ የፈረንሳይ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ትተውታል። ጀርመን ውስጥ ጽሑፉ ሳይታተም በዶክተርነት መጠራት አይፈቀድም፤ በፈረንሳይ በኤሌክትሮኒክ ማስገባቱ ይበቃል። ስለዚህ ውሉ ጉባኤው ከነማን እንደሚውጣጣ፣ ማን ድምፅ እንዳለው፣ ማዕረጉን ማን እንደሚጽፍ፣ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆንና ማጠቃለያው በየትኛው እንደሚጻፍ መዘርዘር አለበት። ሲያልቅ ሁለት ዶክትሬት አይገኝም፤ የሁለቱ አገሮች ዕውቅና ያለው አንድ ዶክትሬት ነው፣ የዶክተርነቱን አጠራር ከሁለቱ አገሮች የአንዱን መምረጥ ይቻላል።

ለማመልከት ያሰበ ሰው ለመነሻው ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪ አራት ነገሮች እንዲላኩለት ይጻፍ፦ የጥናት ዕቅዱ በየሴሚስተሩ ከነክሬዲቱ፣ የውጤት መቀየሪያ ሠንጠረዡ፣ በሁለቱም አገር የሚሠራው የፈተና ደንብ፣ የፕሮግራሙ ድጋፍ እስከ መቼ እንደጸና የሚያሳይ ማረጋገጫ። የመጨረሻው የሚፈለገው ድጋፉ በየጥቂት ዓመቱ በግምገማ ስለሚታደስ ነው፤ በመካከሉ የሚያበቃ ከሆነ አስቀድመው ለገቡት ተማሪዎች ድጎማው ይቀጥል እንደሆነ በዚያው ኢሜይል ጠይቁ።