ለጋራንድ ያሠራሁት የግማሽ ዲዮፕተር መነጽር

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ዕድሜያችሁ ሃምሳን ከተሻገረና በብረት ማነጣጠሪያ ዒላማ የምትመቱ ከሆነ፣ ለሌላ ነገር ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን የተኩስ መነጽር አሠሩ፤ በሩቅ እይታ ቁጥር ላይ ግማሽ ዲዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ ነው) የተጨመረበት ማለት ነው። እኔ ለፍሬሙም ለሌንሱም 165 ዶላር ከፈልኩ። አልቆጨኝም። ጉድለት አለው፤ እሱንም አልደብቅም።

የምተኩሰው በኤም ዋን ጋራንድ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ የገዛሁት ከሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም ነው። ተኳሹ ሁሉ በአጭሩ ሲኤምፒ ይለዋል። ከአሜሪካ ጦር የተረፉ ጋራንዶችን ለዜጎች ይሸጣል፣ ውድድርም ያዘጋጃል። ጠመንጃው ያለ ጥይት 4.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስምንት ጥይት ከነማቀፊያው ይጎርሳል። የመጨረሻዋ ጥይት ስትተኮስ ባዶው ማቀፊያ «ቂንግ» ብሎ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ለዚያች ድምፅ ብቻ ጋራንድ የገዛ ሰው አውቃለሁ።

የእኔ ምክንያት ግን የቤተሰብ ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም ክቡር ዘበኛ ነበሩ፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ገብቶ፣ የአሜሪካ መሣሪያ ታጥቆ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተሰለፈው። አጎቴ ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም ነበር። ስለ ኤም ዋን ከተነሳ ግን ጨዋታ አያልቅባቸውም። «ዒላማውን አትይ፣ ብረቷን እይ» ይሉን ነበር። ልጆች ስለነበርን ያሾፉብን ይመስለን ነበር። የሚመታውን ነገር ሳያይ የሚተኩስ ማን አለ?

አጎቴ ልክ ነበሩ። ብረቷ የሚሏት በጠመንጃው አፍ ላይ ያለችውን የፊት ማነጣጠሪያ ነው። ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ርቀት ላይ ያለን ነገር ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው። ከሁለቱ አንዱ መደብዘዝ ካለበት ደግሞ ዒላማው ይደብዝዝ። በጋራንድ ላይ በውስጡ ከምናይበት ከኋላው ማነጣጠሪያ ቀዳዳ እስከ ፊቱ ብረት 71 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የፊቱ ብረት ከመሐል አንድ ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ፣ 200 ያርድ ወይም 183 ሜትር ላይ ጥይቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። የምናነጣጥርበት ጥቁር ክብ ስፋቱ 33 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ክቡ ትንሽ ቢደበዝዝ መሐሉን መገመት አያቅትም። ብረቷ ከደበዘዘች ግን አለቀ፣ በቃ።

ዕድሜ የሚነጥቀን ደግሞ ይህችኑ ብረት ነው። በወጣትነት የዓይን ሌንስ ለስላሳ ነው። ከብረቷ ወደ ዒላማው፣ ከዒላማው ወደ ብረቷ በቅጽበት ይመላለሳል። ከአርባ በኋላ ሌንሱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለን ነገር አጥርቶ መያዝ ይከብደዋል። የስልክ ጽሑፍ በተዘረጋ ክንድ ማንበብ የጀመረ ሰው የምለው ይገባዋል። በጠመንጃ ላይ ምልክቱ ሌላ ነው። የፊቱ ብረት ጠርዙ ይጠፋል፤ አንዳንዴም መንታ ሆኖ ይታያል። የቱን ይዘህ እንደምትተኩስ አታውቅም።

«ታዲያ ቴሌስኮፕ ለምን አትጭንም?» ትሉኝ ይሆናል። ሲኤምፒ በ2016 እ.ኤ.አ. በሰርቪስ ራይፍል (በጦር ሠራዊት ዓይነት ጠመንጃ) ውድድር እስከ 4.5 እጥፍ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ፈቅዷል። የጋራንድ ውድድር ግን ዛሬም በብረት ነው። ቢፈቀድም አልጭንም። ጋራንድ ላይ ቴሌስኮፕ ማየት ደስ አይለኝም፤ ይህ የግሌ ነው።

አሁን ወደ መነጽሩ። በየቀኑ የማደርገው ፕሮግረሲቭ ነው። ለመኪናም ለንባብም ይሆናል። ለተኩስ ግን ጠላት ነው። የፕሮግረሲቭ የላይኛው ክፍል ለሩቅ፣ የታችኛው ለቅርብ ነው። በደረት ተኝታችሁ ጉንጫችሁን ሰደፉ ላይ ስታሳርፉ ጭንቅላታችሁ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የምታዩት በሌንሱ አናት በኩል ይሆናል። እዚያ ያለው የሩቁ ነው። ዒላማው ቁልጭ ይላል፣ ብረቷ ትጠፋለች። ብረቷን ፍለጋ አገጭን ቀና ማድረግ ይመጣል፤ ያኔ ጉንጭ ከሰደፉ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ጥይት የት እንደሚያርፍ እግዜር ይወቀው።

አንድ ትልቅ የመነጽር ሱቅ ሄጄ ጉዳዬን ሳስረዳ፣ ልጁ በደንብ ሳይሰማኝ «ለኮምፒውተር የሚሆን ይበቃዎታል» ብሎ 1.25 ዲዮፕተር የተጨመረበት ሰጠኝ። ብረቷ አማረች፤ ጠርዟ እንደ ምላጭ ሆነ። ዒላማው ግን የለም! ነጭ ወረቀቱ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ይዋኛል። መነጽሩ አሁን ኮምፒውተር ላይ አገልግሎት እየሰጠ ነው።

የረዱኝ አናንዴል ውስጥ አንዲት ጠባብ መነጽር ቤት ያላቸው አዛውንት ኮሪያዊ ናቸው። አናንዴልን የማታውቁ፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የኮሪያውያን ሰፈር ማለት ነው። ጠመንጃ ይዞ መነጽር ቤት አይገባም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግሜ አየሁ። እንደማነጣጥር ሆኜ ተኛሁና ልጄ ከዓይኔ እስከ ፊቱ ብረት በሜትር ለካችልኝ፤ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። የመጥረጊያ እንጨት በዚያው ልክ ቆርጬ ጫፉ ላይ ጥቁር ምስማር መታሁበት። ሱቁ ገብቼ እንጨቱን ዓይኔ ሥር ሳደርግ ሰውዬው አልሳቁም። ወዲያው ገባቸው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዓይን የሚያርፍበት ርቀት ብረቷ ላይም ዒላማው ላይም አይደለም። ብረቷ ካለችበት ርቀት እጥፍ ላይ ቢያርፍ ሁለቱም በመጠኑ ይታያሉ። ለ80 ሴንቲ ሜትር እጥፉ 1.6 ሜትር ነው። አንድን ለ1.6 ስታካፍሉት 0.62 ዲዮፕተር ይመጣል። ሌንስ የሚሠራው በሩብ በሩብ ስለሆነ ምርጫው 0.50 ወይም 0.75 ነው። ሰውዬው ሁለቱንም በመሞከሪያ ፍሬም ላይ እያፈራረቁ አሳዩኝ። በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ ያለውን የ«ስቶፕ» ምልክት በመጥረጊያ እንጨት አነጣጠርኩ። በ0.75 ምስማሩ አማረ፣ የምልክቱ ጠርዝ ግን ፈሰሰ። በ0.50 ምስማሩ ትንሽ ለስለስ አለ፣ ምልክቱም ቅርጹን ያዘ። 0.50 ይሁንልኝ አልኩ።

ይህ በሩቅ እይታ ቁጥራችሁ ላይ የሚደመር ነው። የእኔ ቀኝ ዓይን ለሩቅ ቅናሽ (ማይነስ) 1.25 ነው። ግማሽ ሲጨመርበት የተኩስ ሌንሱ ቅናሽ 0.75 ሆነ። ያለ መነጽር ሩቁን አጥርቶ የሚያይ ሰው ደግሞ ጭማሪ 0.50 ብቻውን ይበቃዋል። ፋርማሲ ውስጥ በየመደርደሪያው የሚሰቀሉት የንባብ መነጽሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.00 ስለሚጀምሩ እዚያ አትድከሙ። ግራ ዓይኔ የሩቁን ቁጥሩን እንደያዘ ቀረ፤ የማነጣጥረው በቀኝ ብቻ ስለሆነ። ግራውን ግን አልጨፍነውም። አንድ ዓይን ሲጨፈን ሌላውም አብሮ ይጨማደዳል፣ ቶሎም ይደክማል። ሌንሱ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩበት፤ ብርሃን ይገባል፣ ምስል አይገባም።

ለፍሬም ምርጫ ጊዜ ስጡ። ቄንጠኛ ጠባብ ፍሬም አይሆንም። ተኝቶ የሚተኩስ ሰው የሚያየው በሌንሱ የላይኛውና የአፍንጫው ጥግ በኩል ነው። ስለዚህ ሰፊ፣ ከፍ ብሎ የሚቀመጥ፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፉት ጎማዎቹ የሚስተካከሉ ይሁን። እኔ የመረጥኩት የ1970ዎቹን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ያስመስለኛል። ባለቤቴ አይታኝ ምንም አላለችም። ዝምታዋ ግን ብዙ ይናገር ነበር።

ሌንሱ የማይሰበር መሆን አለበት። ጋራንድ ቀለሃ ወደ ላይ ይወረውራል፣ የጎረቤታችሁም ቀለሃ ወደ እናንተ ይመጣል። ፖሊካርቦኔት ርካሽና ጠንካራ ነው፤ በጠርዙ በኩል ሲያዩበት ግን ቀለም ይበትናል። ትሪቬክስ ትንሽ ውድ ነው፣ በጠርዝ በኩል ደግሞ የጠራ ነው። እኛ የምናየው በጠርዝ በኩል ስለሆነ ልዩነቱን ከፍዬ ትሪቬክስ ወሰድኩ። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ቅብ አስጨምሩ። ፀሐይ ከኋላ ስትመጣ ያለ እሱ የራስን ዓይን ሌንሱ ላይ ማየት አለ።

ሜዳ ላይ ምን ሆነ? በደረት ተኝቼ በዝግታ በምተኩሰው ዙር ልዩነቱ ወዲያው ታየ። ብረቷ ጥቁርና ሙሉ ሆና ቆመች፤ ክቡ ከላይዋ ለስለስ ያለ ግራጫ ኳስ ሆኖ ተቀመጠ። ጥይቶቼ ተሰበሰቡ። በ80 ሰከንድ አሥር ጥይት በሚተኮስበት ፈጣኑ ዙር ደግሞ ብረቷን ፍለጋ የማጠፋው ጊዜ ቀረ። ቆሜ በምተኩሰው ዙር ግን ምንም ለውጥ የለም። ቆሜ ስተኩስ ችግሬ ዓይን ሳይሆን የሚወዛወዘው ጠመንጃ ነው፤ ለዚያ ሌንስ አልተሠራለትም።

ብርሃን ብዙ ነገር ይወስናል። ጠራራ ፀሐይ ላይ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ሲጠብ ቅርቡም ሩቁም አብሮ ይጠራል። ደመና ሲሆን ብሌኑ ይሰፋል፣ ብዥታው ይመለሳል። የጋራንድ የኋላ ቀዳዳ ራሱ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ቀዳዳውን ማየት አያስፈልግም፣ በውስጡ ማየት ነው። ለዚህ ነው ጋራንድ ለአዛውንት ዓይን የሚመቸው። የኋላ ማነጣጠሪያው ቀዳዳ ሳይሆን ቪ ወይም ዩ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ሲሆን፣ እንደ ክላሽና እንደ አሮጌው ቤልጅግ ማለት ነው፣ ስንጥቁም ሌላ የሚደበዝዝ ነገር ይሆናል። ለእነዚህ በክለባችን ያለ አንድ የቬትናም ዘማች ሽማግሌ መላ አላቸው። የኤሌክትሪክ ፕላስተር ቁራጭ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ይበሱና መነጽሩ ላይ በሚያነጣጥሩበት ቦታ ይለጥፉታል። ሞከርኩት፤ ይሠራል። ወጪው ምንም ነው። ግን ብርሃን ይቀንሳል፤ ሲመሻሽ አይሆንም።

ሬድ ዶት (በመስታወት ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ለሚሉኝም አንድ ቃል። ጥሩ ነገር ነው፣ ዒላማውንና ነጥቡን በአንድ ርቀት ያሳያል። ነገር ግን አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛነፍ) ያለበት ዓይን ነጥቡን ክብ አድርጎ አያየውም። ለእኔ ጅራት ያለው ጭረት ሆኖ ነው የታየኝ። ከመግዛታችሁ በፊት በሰው መሣሪያ ላይ እዩት።

ጉድለቱ ይኸውላችሁ። መነጽሩ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው። መኪና አልነዳበትም፤ ሩቁ ላይ ግማሽ ዲዮፕተር ይጎድለኛል። ማንበብም አይቻልም። የኋላው ማነጣጠሪያ ማስተካከያ ጎማ አንድ «ቀጭ» ሲል ጥይቱን 200 ያርድ ላይ ሁለት ኢንች ያህል ያንቀሳቅሳል፤ ያንን መቁጠር በእጅ ይቻላል። ጎማው ላይ ያለውን ቁጥርና የነጥብ ወረቀቱን ለማየት ግን ሌላ መነጽር በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። በሐምሌ የቨርጂኒያ ወበቅ ደግሞ ሌንሱ በላብ ይጨፍናል፤ ጨርቅ አትርሱ።

ብዥታው በሁሉም ርቀት ከሆነ፣ ማታ የመኪና መብራት ከተበተነባችሁ፣ መጀመሪያ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ሞራን መነጽር አያነሳውም።

ለሽጉጥ የሚያስብ ደግሞ ይህን አይቅዳ። በተዘረጋ ክንድ የሽጉጥ ብረት ከዓይን 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን 0.75 ይቀርበዋል። እንደገና ይለካ። የዓይን ቁጥርም ይለወጣል። ፍሬሙን ይዛችሁ የሚያነጣጥረውን ዓይን ሌንስ ብቻ አስቀይሩ። አናንዴል ያሉት ሰውዬ ለአንዱ ሌንስ 48 ዶላር ነው የጠየቁኝ።