አርቲኤክስ 4070 ሱፐር ወይስ አርኤክስ 7800 ኤክስቲ፦ ለቪአር (ምናባዊ እውነታ) እና ቤት ውስጥ ጌም ለማስተላለፍ የትኛው የግራፊክስ ካርድ ይሻላል?

በ90 ኸርዝ (በሰከንድ 90 ምስል) የሚሠራ የቪአር መነጽር እያንዳንዱ ምስል በ11 ሚሊሰከንድ ገደማ እንዲደርሰው ስለሚፈልግ፣ በተራ ስክሪን ላይ ልብ የማይባል መዘግየት እዚህ ራስ ያዞራል።

ዋጋ፦ የኤንቪዲያው 4070 ሱፐር እ.ኤ.አ. በ2024 በ599 ዶላር፣ የኤኤምዲው 7800 ኤክስቲ በ2023 በ499 ዶላር ለገበያ ቀረቡ።

ሜሞሪ፦ የመጀመሪያው 12፣ ሁለተኛው 16 ጊጋባይት ይይዛል፤ የበረራ ጌም ለሚያዘወትር ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ኃይል፦ የመጀመሪያው 220 ዋት፣ ሁለተኛው 263 ዋት ይወስዳል።

ስርጭት፦ ምስሉ በዋይፋይ ወደ መነጽሩ ወይም ሳሎን ወዳለው ቴሌቪዥን ሲላክ ካርዱ ቪዲዮውን በቅጽበት መጭመቅ አለበት። ሁለቱም በኤቪ1 (አዲስ የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ) ይጨምቃሉ፣ የሜታው የቪአር መነጽር ኩዌስት 3ም ስለሚያነበው ልዩነታቸው ይጠባል፤ ኩዌስት 2 ግን ኤቪ1ን ስለማያነብ ወደ ቀደሙት የመጭመቂያ ዘዴዎች፣ ወደ ኤች.264 ወይም ወደ ኤችኢቪሲ፣ መመለስ ግድ ነው፣ በኤች.264 ደግሞ የኤንቪዲያው ጥራት ይበልጣል። ዋይፋዩ ደካማ ከሆነ የትኛውም ካርድ አያድንም፤ ብዙ ሰው ይህን የሚረዳው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው።

ስለዚህ ኩዌስት 2 ላለው ወይም የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ አነስተኛ ለሆነበት ሰው 4070 ሱፐር ያመቻል፤ እንደ ቫልቭ ኢንዴክስ ያለ፣ በዲስፕሌይፖርት በቀጥታ የሚሰካና መጭመቅ የማያስፈልገው መነጽር ያለው ግን 7800 ኤክስቲን ቢመርጥ ተጨማሪ ሜሞሪ በአነስተኛ ዋጋ ያገኛል።