የዘጌ ጀልባ፦ «ይጠብቀናል፤ አንተ ግን ውረድ»

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንደነፈግኋቸው ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ከባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚወስድ ጀልባ ሞልቷል። ሐይቁ ዳር ገና ከባጃጅ ሳትወርዱ «ገዳም ነው? ገዳም?» የሚል ደላላ ይከባችኋል። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ጀልባና ስለ ነጂዋ ነው። ልጁ «ስሜን እንዳታነሺ» ስላለኝ አላነሣም። ሰማያዊ ጣሪያ አላት፣ ከመሪው በላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተለጥፎባታል፤ ጠዋት ከመጣችሁ አታጧትም።

የሄድኩት አክስቴን ይዤ ነው። ልጃቸው ባለፈው ዓመት በዚሁ ሐይቅ ሞቷል። የጫነችው ጀልባ የማን እንደነበረች አልናገርም፣ ጉዳዩ በሕግ ተይዟል። ከልክ በላይ ሰው፣ በላዩ ላይ እህል፣ ከሰዓት በኋላ የተነሣ ነፋስ፣ ላይፍ ጃኬት የሚባል ነገር የለም። ለቅሶ ላይ የሰማነው ግን ሌላ ነበር፦ «ቀኑ ደርሶ ነው»፣ «የተጻፈለት ነው»፣ «እግዜር የወደደውን ይወስዳል»። አክስቴ የመጨረሻውን ሲሰሙ ቀና ብለው «እኔስ አልወደው ኖሯል?» አሉ። የመለሰላቸው የለም።

የሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘጌ ላለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ጧፍና ዕጣን አደርሳለሁ አሉ። በመኪና እንሂድ ብላቸው እምቢ፤ «በበላው ውኃ ላይ ነው የምሄድ»።

ነጂው ሳንነሣ በፊት ጃኬት እያዞረ አለበሰ። ይህን ብዙዎቹ ያደርጋሉ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ወርውረውላችሁ ይሄዳሉ። እሱ የያንዳንዱን ማሰሪያ በእጁ እየሳበ አየ። አክስቴ ከነጠላቸው በላይ ደርበውት ነበርና ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ይፍቀዱልኝ፤ ነጠላው ከላይ ይሁን፣ ጃኬቱ ከሰውነትዎ ይጣበቅ» አላቸው። አስወልቆ አስተካክሎ የሆዱን ማሰሪያ ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ አጠበቀው። አክስቴ እንደ ሙሽራ መታሰራቸውን እየረገሙ ዝም አሉ።

ልንነሣ ስንል ሦስት ጎረምሶች እየሮጡ መጡ። ቦታ የለም። አንዱ እግሩን አስገብቶ «ምን ታካብዳለህ፣ ጌታ ይጠብቀናል!» አለ። ነጂው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፦ «ይጠብቀናል፤ አንተ ግን ውረድ»። ወረደ። የሦስት ሰው ሒሳብ ቀረበት ማለት ነው፣ ያውም ነዳጅ በዚህ ዋጋ።

አራቱን ኮከብ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቼ ሰው ቢሞትብኝና «ቀኑ ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ጀልባ ላይ ሲሆን ግን ሁላችን እንቀበላለን፤ ለቀስተኛውም፣ ባለ ጀልባውም፣ አንዳንዴ ሰባኪውም። እግዚአብሔር የሁሉ ጌታ መሆኑን አልጠራጠርም፣ ከራሳችን ጠጉር አንዲቷ እንኳ ያለ እርሱ እንደማትወድቅ አምናለሁ። ግን መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15ን ያነበበ ያውቃል፤ እሳትና ውኃ በፊትህ ተቀምጠዋል፣ ወደ ወደድከው እጅህን ትሰዳለህ ይላል፤ ማንንም ኃጢአት እንዲሠራ እንዳላዘዘም እዚያው ይናገራል። ጀልባዋን ከልክ በላይ የጫነ እጅ የሰው እጅ ነው። ያንን እጅ ለእግዚአብሔር ማልበስ እርሱን ማክበር አይመስለኝም፣ ሰውየውን ከተጠያቂነት ማሸሽ እንጂ።

ሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። ጌታችን ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩን ብሎ ጠይቆ «አይደለም» አለ። ግንቡ ለምን ወደቀ የሚለውን አልፈታልንም። ስለ ሟቾቹ የሚሰብክ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ስለ ግንበኛው ነው የማስበው።

ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ በቡና ጫካ መሐል በእግር ነው፤ ግራ ቀኙ የአንገት ጌጥና ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ናቸው። መግቢያው ከጀልባው ሒሳብ ውጭ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል። አስጎብኚው በላዔ ሰብ ፊት አቆመን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው የበላ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ የሰጠ፣ በዚያች ውኃ ሚዛኑ የደፋለት። አስጎብኚው «ይህ የምሕረቷ ብዛት ነው» ብሎ ሊያልፍ ሲል አክስቴ «ለሰባ ስምንቱስ ማን ቆመላቸው?» አሉ።

ልጁ ደነገጠ። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ግን ሰሙና ጠጋ አሉ። «የበላቸው በላዔ ሰቡ ነው፣ በገዛ እጁ። ብላ ያለው የለም» አሉ፤ ቀጥለውም «እነሱም በእርሷ ልጅ ዘንድ አሉ እንጂ አልጠፉም። ለምን ዝም ብሎ አየ ካሉኝ፣ እሱን እኔም ስደርስ ነው የምጠይቀው» አሉ። አክስቴ ጧፉን አስረከቧቸው። ስንመለስ መንገድ ላይ «ቢያንስ ቀኑ ነው አላሉኝም» አሉኝ። ለእኔም ከሰማሁት ስብከት ሁሉ ይህ ይሻለኛል፤ ባይመልስም አይዋሽም።

አሁን የቀነስኳት ኮከብ። ቀጠሮው ጠዋት 1 ሰዓት ነበር፣ የተነሣነው 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የቤንዚኑ ጀሪካን ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ሽታው ያስታውካል፤ ከፊት ተቀመጡ። መልስ የለውም፣ ዝርዝር ያዙ። ዋናው ግን የልጅ ልክ ጃኬት የለውም፤ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ የአዋቂ ለብሳ አንገቷ ጃኬቱ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ነግሬዋለሁ፣ «አስገዛለሁ» ብሏል።

ሴቶች፣ ደሴት ላይ ያለውን የክብራን ገብርኤል ገዳምም በጉዞው አካትቱልን ብላችሁ አትድከሙ፤ ሴት አይገባም፣ ከጀልባ ላይ ነው የምታዩት። እንጦስ ኢየሱስ ገዳም ግን ትገባላችሁ። ሁላችሁም በጠዋት ውጡ፤ ነጂው ከ6 ሰዓት በኋላ ነፋስ ካየ አይነሣም፣ ገንዘብ ብትጨምሩለትም። እኛን ሊመልሰን ሲል አንድ ቡድን ሌላ ገዳም ጨምርልን ብሎ ተጨቃጨቀው፣ እምቢ አለ፤ እነሱም ተቆጥተው ሌላ ጀልባ ፍለጋ ሄዱ። ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ያዙ። እኛ ይዘናል፤ የልጅ ጃኬቱ ካልተገዛ ሌላ ኮከብ እቀንሳለሁ።