ከኦፕሬሽን በፊት እጅ ማጽጃ፦ አልኮል፣ ክሎርሄክሲዲን ወይስ ቤታዲን?

ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ዳንግላ፣ ኦፕሬሽን ክፍል ያለው ሆስፒታል እጅ ማጽጃ ሲገዛ ምርጫው ያው ሦስት ነው፦ የሚታሽ አልኮል፣ ክሎርሄክሲዲን 4 በመቶ (ፀረ ተህዋስያን ሳሙና)፣ ቤታዲን ስክራብ (አዮዲን ያለበት ፀረ ተህዋስያን ሳሙና)። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያው በአልኮል ማሸትንም በፀረ ተህዋስያን ሳሙና መታጠብንም ተቀብሏል። ስለዚህ ምርጫውን የሚወስኑት ውሃችሁ፣ ጓንታችሁና በጀታችሁ ናቸው።

እኔ ለአልኮል አደላለሁ፤ ምክንያቴም ውሃ ነው። ስክራብ፣ ማለትም በእነዚህ ሳሙናዎች እጅን መታጠብ፣ ከ2 እስከ 5 ደቂቃ የሚወርድ ንጹህ ውሃ ይፈልጋል። ቧንቧው ሲቋረጥ ከሮቶ ይቀዳል። ሮቶው መቼ ታጠበ? ማን ያውቃል! በደንብ የታሸ እጅ በዚያው ውሃ ተመልሶ ሊበከል ይችላል። ማድረቂያው ፎጣም ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ተህዋስያን ከሚገድለው ማሽን) የወጣ መሆን አለበት፤ ይህ ወጪ ደግሞ ፕሮፎርማ ላይ አይታይም።

ውጤቱስ? በፈረንሳይ ከ4,000 በላይ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አልኮልንና ስክራብን አወዳድሯል። የቁስል ኢንፌክሽን በአልኮል 2.44፣ በስክራብ 2.48 በመቶ ሆነ። ያው ነው ማለት ይቻላል። የታዘዘውን ጊዜ ጠብቀው እጃቸውን ያጸዱት ሠራተኞች ግን በአልኮል ጊዜ ይበዙ ነበር።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠቀማል፤ 5 ለቀኝ እጅና ክንድ፣ 5 ለግራ፣ 5 ለሁለቱ እጅ እስከ አንጓ። ሦስት ሰው እጁን አጽድቶ የሚገባበት ሲ-ሴክሽን (በኦፕሬሽን ማዋለድ) 45 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። አንድ ሊትር ለ22 ኦፕሬሽን ይበቃል። ዋጋ ስትጠይቁ በጠርሙስ ሳይሆን በዚህ ልክ አወዳድሩ።

ፋርማሲያችሁ ራሱ ሊያዘጋጀውም ይችላል። ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፤ የቀረው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ከተዘጋጀ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ግሊሰሪኑን ለቁጠባ ብላችሁ አትተዉት፤ በደጋው ብርድ እጅ ይሰነጣጠቃል። (በኮሮና ጊዜ አረቄ ይበቃል ያሉ ነበሩ። የቱንም ያህል ቢያቃጥል አልኮሉ እንደዚህ ድብልቅ 80 በመቶ አይደርስም።)

አልኮል ግን የራሱ አመል አለው። የቆሸሸ እጅ ላይ አይሠራም፤ ርጥብ እጅ ላይ ደግሞ ይቀጥናል። ስለዚህ ጠዋት በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መጀመር ነው። እጁ ሳይደርቅ ኮተሪ (በኤሌክትሪክ እየተኮሰ ደም የሚያቆመው መሣሪያ) ከተነሳ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ጓንታችሁ ዱቄት ያለው ከሆነ በየኦፕሬሽኑ መሀል መታጠብ ግድ ነው፤ ያኔ የውሃ ቁጠባው ይቀራል። ሱቅ የሚሸጠው የኪስ ሳኒታይዘርም ለዚህ ሥራ አይደለም። ከውጭ የመጣ ከሆነ ለቀዶ ሕክምና እጅ ዝግጅት በኢኤን 12791 (የአውሮፓ መመዘኛ ነው) መፈተኑን ጠይቁ።

ውሃው አስተማማኝ ለሆነ ሆስፒታል ክሎርሄክሲዲን ጥሩ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ቆዳ ላይ መቆየቱ ነው፤ ጓንት ውስጥም መሥራቱን ይቀጥላል። ኦፕሬሽኑ ሲረዝም ይህ ትርጉም አለው። ከተራ ሳሙናና ከአንዳንድ የእጅ ቅባት ጋር ሲገናኝ ግን ይዳከማል፤ ዓይን ውስጥም መግባት የለበትም።

ቤታዲን ሦስተኛዬ ነው። የለመደው ሰው አይተወውም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከክሎርሄክሲዲን ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ ደም ሲነካው ደግሞ ይብስበታል። ስትገዙ 7.5 በመቶውን ስክራብ እንጂ ለታካሚ ቆዳ የሚቀባውን 10 በመቶ አታምጡ። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። ክሎርሄክሲዲን አለርጂ ለሆነበት ሠራተኛ ጥቂት ይቀመጥ።

ሁለቱን ደርቦ፣ በፀረ ተህዋስያን ሳሙና ስክራብ አድርጎ ወዲያው አልኮል ማሸት አይመከርም። ብሩሽም አትግዙ። ቆዳ ይልጣል እንጂ እጅን ይበልጥ አያጸዳም። ገንዘቡን ዱቄት የሌለው ጓንት ላይ አውሉት።