ሞተር ሳይክላችሁ ቤንዚን ከበላባችሁ አንድ መካኒክ ልጠቁማችሁ

እንደምን ሰነበታችሁ የማርቆስና የአካባቢው ሰዎች። ዛሬ የምጽፈው አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ ለማመስገን ነው።

ቤቴ ደብረ ማርቆስ፣ ሥራዬ አማኑኤል ነው። በየቀኑ በሞተር እመላለሳለሁ። ሞተሯን የገዛሁት ቆላ ሲነዳት ከነበረ ሰው ነው። እጄ ከገባች ጀምሮ ቤንዚን አልበቃ አላት። ያሳየኋቸው ሁሉ «ሞተሩ ካልተከፈተ አይሆንም» አሉኝ። የጠሩት ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አልነበረም።

ይሄ ልጅ ግን መፍቻ ሳያነሳ «በሊትር ስንት ትሄድልዎታለች?» አለኝ። የመሰለኝን ነገርኩት። «በግምት አይሆንም ጋሼ» ብሎ አለካኩን አሳየኝ። ፉል ትሞላላችሁ፣ ኪሎ ሜትሩን ትጽፋላችሁ፣ እንደ ወትሯችሁ ትነዳላችሁ። ከዚያ እዚያው ማደያ ሄዳችሁ እንደገና ፉል ትሞላላችሁ። የተጓዛችሁትን ኪሎ ሜትር አሁን በገባው ሊትር ማካፈል ነው። 180 ኪሎ ሜትር ሄዳ 4 ሊትር ከወሰደች፣ በሊትር 45 ማለት ነው። የእኔዋ ስትለካ 31 ሆነች።

ቀጥሎ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጫፉ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። በደንብ የሚያቃጥል ሞተር ካንዴላው ቡናማ ነው፤ እንዲህ ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል። ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህም ያንኑ ያህል ቤንዚን ይለቃል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን አይበቃም። የተረፈው በጭስ ማውጫው ይወጣል። በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፣ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበ ለወጠ፣ ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጣት የምትሠራበትን ዙር) አስተካከለ።

አበቃ ስል ሞተሯን በመሃል ማቆሚያው አቁሞ የኋላ ጎማውን በእጁ አሽከረከረው። አንድ ዙር እንኳ ሳይሞላ ቀጥ አለ። ለካ ፍሬኑ ጎማውን አልለቅም ብሎ ነው የከረመው! እሱን አላልቶ፣ ካቴናውን ቀብቶ፣ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ነፋስ እንዳስሞላ አዘዘኝ።

በዚያው ዘዴ ደግሜ ስለካ በሊትር 44 ሄደች። ሞተሩ አልተከፈተም። የተቀበለኝ የዕቃውንና የእጁን ብቻ ነው። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት በዚህ ጊዜ ምን ያህል እንዳሳረፈኝ የሚያውቀው እንደኔ የሚመላለስ ሰው ነው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ።

ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ፣ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ከሰዓት ሰው ስለሚበዛበት በጠዋት ሂዱ። ሊትራችሁንም ለክታችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።