ሜርኩሪ፣ ባለ ሰዓት ወይስ ዲጂታል? የግፊት መለኪያ ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ የህክምና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ቆሞ ደወለልኝ። ለእናቱ የግፊት መለኪያ ሊገዛ ገብቶ ሦስት ዓይነት ተደርድሮለታል፦ ሜርኩሪ፣ መርፌው እንደ ሰዓት የሚዞር ባለ ሰዓትና ዲጂታል። «ሻጩ ሜርኩሪውን ውሰድ፣ እሱ አይዋሽም እያለኝ ነው። ያገለገለ ስለሆነ በዋጋም አስተያየት አደርግልሃለሁ ብሎኛል። ምን ትላለህ?» አለኝ። «ብሩን ኪስህ መልስና መጀመሪያ እናውራ» አልኩት።

እንጀራዬ የህክምና መሳሪያ መጠገን ነው። ይህ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። በስልክ ያልኩትን እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

ሻጩ ግማሹን እውነት ተናግሯል። ሜርኩሪ፣ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት፣ በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚገኝ ብረት ነው። ከውሃ 13.6 ጊዜ ይከብዳል። ሙያውም ይኸው ክብደቱ ነው። 120 የምንለውን ግፊት በውሃ እንለካ ብንል ከ1.6 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ቱቦ ማቆም ይኖርብናል። በሜርኩሪ 12 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ሐኪሙ «120 በ80» ሲላችሁም የሚቆጥረው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ጠብታ ሜርኩሪ የሌለበት ዲጂታል እንኳ የሚናገረው በዚሁ መስፈሪያ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1643 ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ የአየርን ግፊት በሜርኩሪ ዓምድ አሳየ። በባህር ወለል ላይ ዓምዱ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። አዲስ አበባ ላይ ብንሞክረው 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይቀራል፤ ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል። (ታዲያ እዚህ የሚለካው የደም ግፊት ይዛባል ማለት ነው? አይደለም። መለኪያው የሚያነበው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ ካፉ፣ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው።) ይህን ካፍ በ1896 ያመጣው ሌላው ጣሊያናዊ ሪቫ ሮቺ ነው። በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮፍ በማዳመጫ የሚሰማውን ድምፅ ጨመረበት። ዛሬም ነርሷ ጆሮዋ ላይ ስቴቶስኮፕ ሰክታ የምትሠራው ያንኑ ነው።

ሜርኩሪው ስፕሪንግ የለውም፣ ጥርስ የለውም፣ ባትሪ የለውም። አየሩ ማጠራቀሚያውን ይጫናል፣ ዓምዱ በመስታወቱ ውስጥ ይወጣል፣ አለቀ። ሌሎቹ መለኪያዎች ለዓመታት የተፈተኑት በእሱ ነው። እኔም ባለ ሰዓቱን ስፈትሽ የዋይ ቅርጽ ባለው ማገናኛ ከሜርኩሪው ጋር አጣምሬ፣ አንዱን ካፍ ነፍቼ 50፣ 100፣ 150፣ 200 ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አነብ ነበር።

«አይዋሽም» ስለሚባለው ግን እንተማመን። ሜርኩሪው ሲቆይ መስታወቱን ያጠቁረዋል። የዓምዱ አናት ላይ ያለው የአየር ማሳለፊያ በአቧራ ሲደፈን ዓምዱ ተጎትቶ ነው የሚወርደው። ከውስጡ ትንሽ ከጎደለ ዜሮ ላይ አይቀመጥም። ሳጥኑ ካዘመመም ቁጥሩ ልክ አይሆንም። ማንበቡም የራሱ ሕግ አለው፤ የሜርኩሪው አናት ጉብ ያለ ስለሆነ ዓይናችሁን ከጉብታው ጫፍ ጋር ትክክል አድርጋችሁ ነው የምታነቡት። በዚህ ላይ የሰው ልማድ አለ። የአንዳንድ ክሊኒክ መዝገብ ስገልጥ የሁሉም ታካሚ ግፊት በዜሮ ያልቃል። 120፣ 130፣ 140። የሰው ደም በአሥር አሥር አይቆጥርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ የሜርኩሪ ግፊት መለኪያ ውስጥ ከ70 እስከ 200 ግራም ሜርኩሪ አለ። የድሮው የትኩሳት ቴርሞሜትር የሚይዘው አንድ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ መለኪያ ተሰበረ ማለት መቶ ያህል ቴርሞሜትር ባንድ ጊዜ ተሰበረ እንደማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው መዋጡን ነው። ከቴርሞሜትር የተዋጠ ትንሽ ሜርኩሪ እንኳ አብዛኛው ሳይሰረግ ይወጣል። ክፉው ትነቱ ነው። ሜርኩሪ ሳይሞቅም ይተናል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በተዘጋ ክፍል በ20 ዲግሪ ሙቀት አየሩ እስኪጠግብ ቢተን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 13 ሚሊ ግራም ያህል ይደርሳል። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም፣ ናዮሽ የሚባለው፣ ለሠራተኛ ይበቃል ብሎ የሚመክረው ጣሪያ 0.05 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ከተነፈስነው ትነት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ወደ ደም ይገባል። ከዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ መርሳት፣ የድድ ቁስለት፣ የኩላሊት ጉዳት ይከተላል። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ላይ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ጊዜ ከአንድ ክሊኒክ «መለኪያው ከዜሮ በታች ወርዶብናል፣ ናና አስተካክል» ተብዬ ተጠራሁ። ወቅቱ ክረምት ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሜርኩሪው የት ሄደ ብዬ ስጠይቅ ነርሷ «ባለፈው ሳምንት ከጠረጴዛ ወድቆ ነበር፣ ግን ወዲያው ተጠርጓል» አለችኝ። ወለሉ ጣውላ ነው። ተንበርክኬ የስልኬን መብራት ወለሉ ላይ በጎን ለቀቅኩት። በጣውላው ስንጥቅ ሁሉ ጤፍ ጤፍ የሚያክል የብር ጠብታ ያብረቀርቃል። መጥረጊያው አንዱን ጠብታ መቶ አድርጎት፣ ከፊሉንም ይዞ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተሻግሮ ነበር። ለሳምንት ያህል ሰው ያንን ሲተነፍስ ከርሟል። የዚያን ቀን መለኪያውን አላስተካከልኩም። ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣሁ።

ቤታችሁ ቴርሞሜትር ቢሰበር ልጆችን አስወጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ወደ ሌላው ክፍል የሚወስደውን በር ዝጉ። የወርቅ ቀለበታችሁን አውልቁ፤ ሜርኩሪ ወርቅ ላይ ይጣበቃል። ጓንት አድርጋችሁ ጠብታዎቹን በሁለት ካርቶን ግፉና አንድ ላይ ሰብስቡ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ምጠጧቸው፤ ጥቃቅኖቹን በፕላስተር ልጠፉ። ሁሉንም ክዳኑ የሚጠብቅ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። መጥረጊያ አይነካውም፣ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ጭራሽ አይታሰብም፤ ትነቱን ቤቱ ሁሉ ይረጨዋል። ሽንት ቤትም ሆነ ቱቦ ውስጥ አይደፋም። የተሰበረው የግፊት መለኪያው ራሱ ከሆነ ግን በሩን ዘግታችሁ ውጡና የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

በሕግም ቢሆን ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት የሜርኩሪ ግፊት መለኪያና ማኖሜትር (የጋዝና የፈሳሽ ግፊት መለኪያ) ማምረትን፣ ማስመጣትንና መላክን ከ2020 በኋላ ይከለክላል። የቀረው ቀዳዳ ምትክ ላልተገኘለት ከፍተኛ ትክክለኛነት ለሚጠይቅ ልኬትና ለመሳሰለው ነው። ስለዚህ መደርደሪያ ላይ ያያችሁት ያገለገለ መለኪያ ምናልባት የሆነ ሆስፒታል የተገላገለው ነው። ከገዛችሁት ጣጣውንም ገዛችሁት። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጥሉት፣ ለቁራሌው አትሸጡት። ቁራሌው ለብረቱ ሲል ቢሰብረው ማን ይተነፍሰዋል?

(መምህራን የፊዚክስ ላብራቶሪውን ዩ ቱቦ፣ እንደ ዩ ፊደል የታጠፈውን ማኖሜትር፣ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ። ለዝቅተኛ ግፊት ቀለም የገባበት ውሃ ይበቃል። ሜርኩሪ የሞላበት ዩ ቱቦ ግፊት ሲበዛበት በክፍቱ አፉ በኩል ሜርኩሪውን ሊተፋው ይችላል። ተማሪ ፊት ይህን አልመርጥም።)

ባለ ሰዓቱ አኔሮይድ ነው የሚባለው። ውስጡ ስስ የብረት ከረጢት አለ፤ አየር ሲገባበት ይነፋና በጥርሶች አማካይነት መርፌውን ያዞራል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ጠላቱ መውደቅ ነው። አንዴ ከጠረጴዛ ከወደቀ 10 ሚሊ ሜትር ሊስት ይችላል፣ መልኩ ግን አዲስ ነው። ስትገዙ ካፉ ባዶ ሆኖ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ። አንዳንዱ ግን ዜሮው ላይ መርፌ የምታቆም ትንሽ ፒን አለችው። ያቺ ፒን ስህተቱን ትሸፍናለች፤ እንዲህ ያለውን ተዉት። በየስድስት ወሩ ይፈተሽ፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሳተ ይስተካከል። ደግሞ ማዳመጫ ይፈልጋል፣ የለመደ ጆሮም ይፈልጋል። ቤታችሁ ነርስ ከሌለ ባለ ሰዓቱ ለእናንተ አይደለም።

ዲጂታሉ አያዳምጥም። ካፉ ሲተነፍስ ደም ሥሩ የሚመታውን ትንሽ ንዝረት ይይዛል፣ ንዝረቱ የሚበረታበትን ቦታ ያገኛል፣ የላይኛውንና የታችኛውን ደግሞ ፋብሪካው በሰጠው ስሌት ያወጣል። ስሌት ስለሆነ ስሌቱ በሰው ላይ ተፈትኖ ያለፈ መሆን አለበት። ዓለም አቀፉ መመዘኛ አይኤስኦ 81060-2 ነው። ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ድረ ገጽ ያለፉትን ሞዴሎች ይዘረዝራል። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ በስልካችሁ ሞዴል ቁጥሩን ፈልጉ። የብራንዱ ስም ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ሞዴል አልፎ ወንድሙ ያልተፈተነ ሊሆን ይችላል።

ድክመትም አለበት። ልቡ ወጣ ገባ እያለ የሚመታ ሰው ላይ ይሳሳታል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ በእርግዝና የተፈተነ ሞዴል ካልሆነ፣ በተለይ ግፊቱ ከእርግዝናው የመጣ ከሆነ፣ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። የእጅ አንጓውን ዓይነት ተዉት፤ እጁ ከልብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ቁጥሩ በ7 ወይም በ8 ይጨምራል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ አዳፕተሩን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ 220 ላይ ስትሰኩት ይቃጠላል። በባትሪ ተጠቀሙበት።

እንግዲህ ለቤት የክንድ ዲጂታል፣ የተፈተነ። ለትንሽ ክሊኒክ ባለ ሰዓትና ዲጂታል ሁለቱም ይኑሩ፤ መፈተሻው ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ግፊት መለኪያ ይሁን። የሜርኩሪውን ዓምድ የለመዱ ሐኪሞች ካሉ፣ ዓምዱን በስክሪን የሚያሳይና በማዳመጫ የሚሠራ ሜርኩሪ አልባ ዓይነት አለ። ወድጄዋለሁ፣ ዋጋው ግን ይቆነጥጣል።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው ካፉን ነው። ጓደኛዬን «የእናትህ ክንድ ዙሪያው ስንት ነው?» ስለው ሳቀብኝ። ቤት ደውሎ እህቱ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካቻቸው። 35 ሳንቲ ሜትር። ካርቶኑ ላይ ያለው ካፍ ከ22 እስከ 32 ይላል። የጠበበ ካፍ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ የሌለ በሽታ ተገዝቶ ሊገባ ነበር። ሻጩ እያጉረመረመ ከስቶር ትልቁን ካፍ አመጣ።

ማታ ፎቶ ላከልኝ። 148 በ86 ይላል። «ሲለኩ እያወሩ ነበር?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ጎረቤት መጥታ የእድሩን ነገር እየነገረቻቸው ነበር» አለኝ።

«ጎረቤቷን ሸኟት። ጀርባቸውን ደገፍ፣ እግራቸውን መሬት አድርገው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ ከዚያ ድገመው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። 133 በ80።