"ኩላሊትሽስ?" ብሎ የጠየቀኝ ማን ነው? ሦስት ሳምንት በባሕር ዳር

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው። 54 ዓመቴ ነው። ስኳር አለብኝ፣ ኩላሊቴም ከደከመ አራት ዓመት ሆነው። አምና 112 ኪሎ ነበርኩ፣ አሁን 98 ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ስኳርንም ኪሎንም የሚቀንሰውን ሴማግሉታይድ እወጋለሁ፤ ብዙ ሰው ኦዜምፒክ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ኪሎም ኩላሊትም አንድ ላይ የያዘው ሰው አገር ቤት ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው የሚነግረኝ አጥቼ ነበር፤ ለዚህ ነው የምጽፈው። የተገለገልኩበትን ቦታ ሁሉ የመዘንኩት ስለ ኩላሊቴ ጠየቁኝ ወይስ አልጠየቁኝም በሚለው ነው።

ሆቴሉ ሐይቁ ዳር ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አልጋውም ደህና ነው። ያስቸገረኝ ፍሪጁ ነው። የክፍሉን ካርድ ነቅዬ ስወጣ ከመብራቱ ጋር ፍሪጁም ይጠፋል። ያልተጀመረ መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የተጀመረው ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ 56 ቀን ያለ ፍሪጅ ይቆያል። እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችዋ ልጅ ያልተጀመረውን ወደ ወጥ ቤቱ ፍሪጅ ወሰደችልኝ። ትንሽ ቆይቼ ሄጄ ሳይ አንዱ ሠራተኛ ከሥጋው ጋር ፍሪዘር ውስጥ ከቶታል። ይህ መድኃኒት አንዴ በረዶ ከሆነ አይወጋም፣ ይጣላል። ደግነቱ ገና አሥር ደቂቃም አልሞላው። ልጅቱ ክው አለች። በራሷ እጅ አውጥታ ነጭ ፕላስተር ለጠፈችበትና "የእትዬ መድኃኒት፣ ፍሪዘር አይገባም" ብላ ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ ማንም አልነካብኝም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ሠርጉ ባለፈ በማግሥቱ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ዋለ። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የዚህ መርፌ የታወቀ ጠባይ ነው። የደከመ ኩላሊት ላለው ሰው ግን ቀላል አይደለም፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ ኩላሊት በአንድ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል። በባጃጅ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ለማውጣት ብዙ ጠበቅኩ፣ ወንበርም አልበቃንም። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሸኑ?" ብሎ ነው። ቀጥሎ የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንዳወጣ ነገረኝ። አንድ በአንድ አየና ማስመለሱ እስኪቆም ድረስ የስኳሩን ኪኒን ሜትፎርሚንንና የግፊቱን ኪኒን አስቆመኝ። ፈሳሽ በክንዴ እየገባ ደም ተቀዳሁ።

የላቦራቶሪው ወረቀት "ክሪያቲኒን 1.6" ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። ክሪያቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሐኪሙ ስልኩን አውጥቶ ዕድሜዬንና ፆታዬን አስገባና የኩላሊቴን የማጣራት አቅም አሰላልኝ፤ 38 ወጣ። ቨርጂኒያ ከመነሳቴ በፊት ከተሰጠኝ ውጤት ጋር አንድ ነው። እንባዬ መጣ። ኩላሊቴ አልወረደም ማለት ነው።

ከዚያ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰው ሲወፍር ኩላሊቱ ከአቅሙ በላይ እንዲያጣራ ይገደዳል አለኝ። ማጣሪያዎቹ ከብዙ ዓመት ጫና በኋላ ይጎዳሉ፣ ፕሮቲንም በሽንት ያመልጣል። መርፌዬንም በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጥናት ስኳርና የኩላሊት ሕመም ያለባቸው 3,533 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ከባድ የኩላሊት ጉዳትና በኩላሊት ወይም በልብ ምክንያት መሞት በ24 በመቶ ቀንሷል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ለዚሁ ተብሎ ተፈቅዷል። "ለእኔ ታካሚዎች ግን ዋጋው አይቀመስም" አለኝ። "እኔ የምነግራቸው ግፊታቸውን እንዲለኩ፣ ጨው እንዲቀንሱ፣ እንዲራመዱ ነው። ሽንታቸው ለብዙ ሰዓት ካልመጣ ደግሞ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል እንዲሮጡ።" ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እስካሁን አልለቀቀኝም።

ፋርማሲም ጥሩ ሰው ገጠመኝ። ጉልበቴን አሞኝ ዲክሎፌናክ ስጪኝ አልኳት። "ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት አለብዎት?" አለችኝ። አለብኝ ስላት ዲክሎፌናኩን መልሳ ፓራሲታሞል ሰጠችኝ። እንዲህ ያሉት ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። አንድ ጥያቄ ናት፣ እግዜር ይስጣት።

ያልጠየቀኝ የቦርጭ ማጥፊያ ሻይ የሚሸጠው ሰው ነው። ታናሽ እህቴ ናት የወሰደችኝ፣ እሷም ትጠጣዋለች። "በወር አሥር ኪሎ" አለኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ፓኬቱ ላይ አልተጻፈም። ስጠይቀው "ቅጠል ነው፣ የተፈጥሮ ነው" አለ። የተፈጥሮ መሆኑ ምንም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ የማክሻ ዕፅ የወሰዱ መቶ ገደማ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል። ብዙዎቹ እጥበትና ንቅለ ተከላ አስፈልጓቸዋል። ተቅማጥ የሚያመጣው ሻይም ቢሆን የሚያወጣው ውኃ ነው፣ ስብ አይደለም። ይህን ለእህቴ ስነግራት ዝም አለች።

ምግቡ ላይ ልቆይ። ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች አንዱ ጋ አራት ጊዜ በላሁ። መጀመሪያ ቀን ጨው የሌለው የዓሣ ጉላሽ ብዬ አዘዝኩ። ወጥ ሠሪዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣችና "እናቴ፣ እኔ ባልጨምርም በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ እንዳላታልልዎት" አለችኝ። ስንት ዓመት ጨው ትቻለሁ እያልኩ በርበሬውን ግን እንዳለ ስበላ ኖሬያለሁ! የተመከረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መሆኑ ነው፤ እኔ ግን ከወጡ የሚገባውን ቆጥሬው አላውቅም። የዚያን ቀን ቆሮሶ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ለብ ለብ አድርጋ ሠራችልኝ። ሥጋው ከአጥንቱ እየተላቀቀ የሚመጣ፣ ሽታው አፍ የሚያስከፍት። እንጀራው ግማሽ ነበር፣ ቅር አላለኝም። በሚቀጥለው ስመጣ ሳልናገር ያለ ጨው አቀረበችልኝ።

ጠዋት ጠዋት ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሐይቁ ዳር እራመዳለሁ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው። እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ወደ ዳር ሲመጡ አያለሁ። ለዚህ የሚከፈል ነገር የለም።

የከበደኝ ቤተ ዘመድ ነው። አክስቴ ገና በር ላይ "ምነው ከሳሽ? ምን ነካሽ?" ብላ አለቀሰች። ከዚያ ጉርሻው መጣ፣ "በሞቴ" እየተባለ። ጉርሻ መግፋት እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ሦስተኛው ላይ እጇን ይዤ፣ "አክስትዬ፣ እጥበት እንዳልገባ ነው የምከሳው" አልኳት። ጉርሻውን ወደ ሰሐኑ መለሰች። ከዚያን ቀን ወዲህ ማዕድ ላይ ሌላውን የምትከለክልልኝ እሷ ሆነች።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እህቴ ራሷ መጥታ "እኔም ልመርመር" አለችኝ። ወደዚያው ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሻዩንም ከነፓኬቱ ለሐኪሙ አሳየችው። ክሪያቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ታዘዘላት። ውጤቱ ሰኞ ነው፣ እኔ የምበረው እሁድ። ፎቶ አንስታ እንደምትልክልኝ ቃል ገብታልኛለች።